ባለቤት ያላቸው የፍርሃት ቃላት፦ «ስላሸር» የተባለውን የልብ ወለድ ዘርፍ በአማርኛ ስለ መሰየም

በአሜሪካ ሥነ ጽሑፍና ፊልም «ስላሸር» የሚባል አንድ ዘርፍ አለ። ማንነቱን በጭምብል የሸፈነ ነፍሰ ገዳይ ወጣቶችን አንድ በአንድ እያደነ በቢላዋ፣ በመጥረቢያ ወይም በሌላ ስለት ይገድላል፤ በመጨረሻም ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ታመልጣለች። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው ዛፍ በመንገዱ ግራና ቀኝ በተተከለበት፣ ሣሩ በታጨደበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት በሚተዋወቅበት የመኖሪያ ሰፈር ነው። ከዘርፉ ከፊሉ አንባቢውን እያስፈራ የሚያስቅ፣ ደሙን ሆን ብሎ ከልክ በላይ የሚያፈስ፣ በራሱም ላይ የሚቀልድ ነው፤ ይህን ጠባዩን እንግሊዝኛው «ካምፕ» ይለዋል።

ዘርፉ በመጀመሪያ የታወቀው በፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የቀረበው የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» እንደ ቀዳሚ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1978 የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» ሃዶንፊልድ በምትባል በልብ ወለድ በተፈጠረች ጸጥተኛ ከተማ የሚፈጸመውን ግድያ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የዌስ ክሬቨን «ኤ ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» ነፍሰ ገዳዩን በወጣቶቹ ሕልም ውስጥ አስገባው። ከዚያ በኋላ ዘርፉ ወደ መጽሐፍ ተሻገረ። አር. ኤል. ስታይን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ያሳተማቸው «ፊር ስትሪት» የተባሉ ተከታታይ መጻሕፍት ለወጣት አንባብያን የተጻፉ ናቸው፤ ግሬዲ ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ልብ ወለድም ከእንዲህ ያለ ግድያ ስላመለጡ ሴቶች ይተርካል።

በአገራችን ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የውጭ ተከታታይ ታሪኮችን በአማርኛ ድምፅ መስማት የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ ተርጓሚው ከዚህ ዘርፍ ቃላት ጋር ዛሬ ወይም ነገ መገናኘቱ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዘርፉ ዋና ዋና ቃላት የአማርኛ አቻ መፈለግ፣ የሚቀርቡትም አቻዎች ለምን እንደ ተመረጡ ወይም እንደ ተጣሉ ማስረዳት ነው።

ለመፈተኛ የተወሰደው በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ደጋ የሚነገረው አማርኛ ነው። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ እንግሊዝኛ የለመደ የአዲስ አበባ አንባቢ ደካማ አቻ ሲያጋጥመው ከጀርባው ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል በራሱ አስታውሶ ጉድለቱን ይሞላዋል፤ ቃሉን በአማርኛነቱ ብቻ የሚያገኘው አንባቢ ግን የአቻውን ብርታትና ድካም ወዲያው ይለየዋል። ሁለተኛ፣ የጎጃም አማርኛ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንኩሳንና ዲማን ለአገሩ ሁሉ አስተዋውቀዋል። «ልብ ወለድ» የሚለው የዘርፍ ስም ራሱ፣ በጣና ዳር በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጋር ተያይዞ የሚነሣ ነው። ሁለት የታወቁ ቃላት ተጣምረው የጥበብ ስም ሊሆኑ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

፩. የተያዙ ቃላት

አማርኛ የፍርሃት ቃል አልጎደለውም። ፍርሃት፣ ሥጋት፣ ድንጋጤ፣ ሰቀቀን፣ ሽብር፣ ቅዠት አሉት፤ በቅጽል በኩል አስፈሪ፣ ዘግናኝ፣ ሰቅጣጭ፣ ቀፋፊ፣ አሰቃቂ አሉት። ችግሩ ከእነዚህና ከግድያ ቃላት ብዙዎቹ ባለቤት ያላቸው መሆናቸው ነው። ባለቤት ያለው ቃል ስንል አንድ እውነተኛ መከራ፣ አንድ የክብር ሥርዓት ወይም አንድ ክስ ቀድሞ የያዘውን ቃል ማለታችን ነው። ለጨዋታ ለተጻፈ ታሪክ እንዲህ ያለውን ቃል መስጠት የመጀመሪያውን ባለቤት መድፈር ይሆናል፤ አለዚያም ታሪኩን ጸሐፊው ያላሰበውን ክብደት ያሸክመዋል።

ሀ. «ሽብር»። በትርጉሙ ለዘርፉ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. የወረደው ቀይ ሽብር ቃሉን ይዞታል። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይህንኑ ስም ተሸክሟል። ሕጉም በበኩሉ ቃሉን በአዋጅ ቁጥር 652/2001፣ በኋላም እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 የወንጀል ስም አድርጎታል። «የሽብር ልብ ወለድ» የሚል ሽፋን ያየ አንባቢ ስለ እሥርና ስለ ተገደሉ ልጆች የሚተርክ መጽሐፍ መስሎት ይገዛዋል፤ ከፍቶ የሚያገኘው የሚያስቅ ጭምብል ለባሽ ከሆነ መከፋቱ ተገቢ ነው።

ለ. «ጭፍጨፋ»። «ጨፍጫፊ» የሚለው ቃል በድምፁ ሳይቀር የስለትን ተደጋጋሚ ምት ያሰማል። ይሁን እንጂ ጭፍጨፋ በአማርኛ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን ነው። በተጨማሪም ቃሉ የብዙ ሰዎችን በአንድ ላይ መገደል ያመለክታል፤ በዘርፉ ግን ሰዎች የሚሞቱት ተራ በተራ ነው፤ የታሪኩ አወቃቀርም በዚህ ተራ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ቃሉ በክብርም በትርጉምም አይስማማም።

ሐ. «አሰቃቂ»። የዜና ቃል ነው። የመኪና አደጋ፣ የእሳት ቃጠሎ፣ በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ግፍ ሁሉ በዚህ ይገለጻል። ጎጃምን ጨምሮ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በተካሄደው የትጥቅ ግጭት የሞተበትን ሰው ያለቀሰ ቤተ ሰብ ይህን ቃል በራሱ ሐዘን ላይ ሰምቶታል። ተርጓሚው ቃሉን ለሐዘን ቢተወው ይሻላል።

መ. «ገዳይ»። እዚህ ላይ ችግሩ ሐዘን ሳይሆን ክብር ነው። በጎጃም እንደ ሌላውም ደጋ በፉከራና በሽለላ «ገዳይ» ማለት ጠላትን ወይም ትልቅ አውሬን የጣለ ጀግና ነው፤ ቃሉ ማዕረግ ነው። ጭምብል ለባሹን በደፈናው «ገዳዩ» እያለ የሚሄድ ትርጉም፣ በተለይም ዛቻውን በፉከራ አነጋገር ካሳመረው፣ ወንጀለኛውን ጀግና ያደርገዋል። ሕግም ሕዝብም የሚለዩበት «ነፍሰ ገዳይ» የሚለው ጥምር ቃል ስላለ እርሱን መጠቀም ይገባል።

ሠ. «ቡዳ» እና «ጭራቅ»። አንዳንድ ተርጓሚ የባዕዱን ነፍሰ ገዳይ በአገር ፍጡር ስም ለመጥራት ይፈተናል፤ መሳሳቡም ያለ ምክንያት አይደለም። ቀን ጎረቤት፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚወጣ ሰው ታሪክ ጭምብል ከለበሰው የሰፈር ሰው ታሪክ ጋር አጥንቱ አንድ ነው፤ በሁለቱም አደጋው የሚመጣው ከሚታወቅ ፊት ነው። ነገር ግን «ቡዳ» የልብ ወለድ ፍጡር ስም ብቻ አይደለም። ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ሸማኔዎች በዚህ ቃል ተሰድበዋል፤ ከጋብቻና ከማኅበር ተገልለዋል። ቃሉን ለነፍሰ ገዳይ መስጠት ያንን ክስ በታተመ መጽሐፍ ማደስ ነው። «ጭራቅ» ግን ሕያው የሆነ ማንንም አይከስም። የልጆች ተረት ፍጡር ነው፤ ተራኪው በመጨረሻ ዳቦ ሲጠይቅ ፍርሃቱም አብሮ ይበተናል። ስለዚህ «ጭራቅ» ነፍሰ ገዳዩ ከሰው በላይ ሆኖ፣ ሞቶ እየተነሣ በሚመለስበት ታሪክ በዘይቤ ሊገባ ይችላል፤ ሰው ሆኖ በሚቀርበት ታሪክ ግን አይገባም።

ረ. «ስለት»። «የስለት ልብ ወለድ» አጭርና ግልጽ ይመስላል። ሆኖም «ስለት» (የቢላዋ አፍ) ከ«ስእለት» (ለታቦት የሚሰጥ ቃል ኪዳን) ጋር በንግግር አንድ ይሆናል፤ ብዙ ሰውም ሁለቱን በጽሕፈት አይለይም። ስእለት የዕለት ነገር በሆነበት አገር «የስለት ታሪክ» ሲባል የሚሰማ ሰው የሚጠብቀው ስለ ተሰማ ጸሎትና ስለ ገባ ጃንጥላ ነው።

፪. «ሸርካች»

የእንግሊዝኛው ቃል ሥር በስለት ረጅም ቁስል መክፈትን ያመለክታል። በአማርኛ ለዚህ የሚቀርቡት ግሦች አረደ፣ ተለተለ፣ ዘለዘለ፣ ተረተረና ሸረከተ ናቸው። «አረደ» የከብት ነው፤ ሥርዓትና ሃይማኖት የታሰረበት ነው፤ በሰው ላይ ሲነገርም እጅግ ይከብዳል። «ዘለዘለ» ወጥ ቤት ይወስደናል፤ አንባቢው ዝልዝልና ቋንጣ ያስባል። «ተለተለ» ለጥሬ ሥጋና ለቆዳ ያደላል። «ተረተረ» በመጀመሪያ የስፌት ግሥ ነው፤ ልብስ ከስፌቱ ላይ ሲፈታ ይነገራል።

«ሸረከተ» ከእነዚህ ይሻላል። ቢላዋ ፊትን ይሸረክታል፤ አይጥም ጆንያን ትሸረክታለች። ግሡ ስለትን፣ ፍጥነትንና ረጅም ቅድ መተውን ይይዛል፤ በሐዘንም፣ በክብርም፣ በሥርዓትም አልተያዘም። ከጆንያና ከጨርቅ ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ ቀለል ያለ ነገር ይጨምርለታል፤ ይህም በራሱ ለሚቀልድ ዘርፍ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው። የአድራጊው ስም እንደ «ሰነጠቀ፣ ሰንጣቂ» ደንቡን ጠብቆ «ሸርካች» ይሆናል። ዘርፉን «የሸርካች ታሪክ» ብሎ በአድራጊው መሰየም ከምንጩ ቃል አሠራር ጋርም ይስማማል፤ እንግሊዝኛው የሰየመው ድርጊቱን ሳይሆን አድራጊውን ነውና።

፫. «የከተማ ዳር»ና የሚጠፋው ተቃርኖ

የታሪኩን ቦታ ስም በተመለከተ ስሕተቱ ከሌላው ሁሉ የከፋ ውጤት አለው። የእንግሊዝኛው «ሰበርብ» በመዝገበ ቃላት ትርጉሙ የከተማ ዳርቻ ነው። በአሜሪካ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1947 መሠራት በጀመረችው በሌቪታውን ዓይነት ሰፈር፣ ቃሉ የኑሮ ዓይነት ስም ሆኗል፤ መኪናና የራሱ ቤት ያለው ቤተ ሰብ ከከተማ ሁከት ሸሽቶ ልጆቹን በሰላም የሚያሳድግበት ቦታ ማለት ነው። የዘርፉ ፍርሃት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ምንም ሊሆን አይችልም በተባለበት ቦታ ሁሉም ይሆናል።

አሁን ቃሉን «የከተማ ዳር» ብለን ደብረ ማርቆስ እናድርሰው። ከተማ ዳር ማለት መብራቱ የሚያልቅበት፣ የባሕር ዛፉ ጫካ የሚጀምርበት፣ ሲመሽ ጅብ የሚጮኽበት ነው፤ ሰው አምሽቶ ብቻውን የማይሄድበት ቦታ ነው። በዚህ ትርጉም ታሪኩን የሚያነብ ሰው ነፍሰ ገዳይ ብቅ ቢል አይደነቅም፤ ቀድሞውኑ እዚያ ምን ሊጠብቅ ኖሯል? ቃሉ በቃል ተተርጉሟል፤ ተቃርኖው ግን ተገልብጧል፤ ከተቃርኖው ጋርም ታሪኩ ጠፍቷል።

ስለዚህ መተርጎም ያለበት የቦታው አቀማመጥ ሳይሆን ተግባሩ ነው። በጎጃም ገጠር ከአደጋ የተጠበቀው ቦታ ዳር ሳይሆን ውስጥ ነው፤ ቀዬው፣ አጥር ግቢው፣ ጓሮው ነው። ለከተማ አንባቢ ደግሞ በአዲስ አበባ የቤት ሻጮች ማስታወቂያ ያስለመደው «የመኖሪያ መንደር» የሚለው ሐረግ አለ። «መንደር» በገጠርም በከተማም ሰው ከሰው የሚተዋወቅበትን ቦታ ስለሚያመለክት ሁለቱን አንባብያን ያስማማል። በትረካ ውስጥ «ሰፈር» ብቻውን ይበቃል። «የከተማ ዳር» ግን ታሪኩ በእርግጥ ስለ ዳርቻ ካልሆነ በቀር መተው አለበት።

የቤቱ ክፍሎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። ነፍሰ ገዳይ የሚደበቅበትን ከወለል በታች ያለ ክፍል «ምድር ቤት» ማለት ተለምዷል፤ ነገር ግን በፎቅ ቤት «ምድር ቤት» ከመንገድ በቀጥታ የሚገባበት የመጀመሪያው ወለል ነው። «ከወለል በታች ያለው ክፍል» ማለት ቢረዝምም አያሳስትም። ከጣሪያ ሥር ላለው ክፍል ግን አማርኛ «ቆጥ» የሚል ጥሩ ቃል አለው፤ የገጠር ቤት የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ብዙ ተርጓሚ ግን እዚህ ቆጡን ራሱን ትቶ ባዕድ ቃል ፍለጋ ይሄዳል።

በ«ሃሎዊን» ዓይነት ታሪክ ልጆች የምትጠብቀውን የጎረቤት ተማሪ «ሞግዚት» ማለትም አይገባም። ሞግዚት በሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ጠባቂና ወኪል ነው፤ በከተማ ንግግር ደግሞ በደመወዝ የተቀጠረች ሠራተኛ ናት። የታሪኩ ልጅ ከሁለቱም አይደለችም። «ልጆች እንድትጠብቅ የመጣች የጎረቤት ልጅ» ብሎ አንድ ጊዜ አስረድቶ በስሟ መቀጠል ይሻላል።

፬. «ካምፕ» እና «ቧልት»

«ካምፕ»ን እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ ቃሉ በአማርኛ ተይዟል። የወታደር ካምፕ አለ፤ የስደተኞች ካምፕ አለ። ይባስ ብሎ ከዘርፉ ዝነኛ ፊልሞች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው «ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ»፣ የሚፈጸመው በወጣቶች የክረምት ካምፕ ውስጥ ነው፤ «የካምፕ ታሪክ» ቢባል አንባቢው ቦታውን እንጂ ጠባዩን አያስብም።

ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣችው የታወቀ ጽሑፍ እንዳስረዳችው የዚህ ጠባይ መሠረት የተጋነነውንና ሰው ሠራሽነቱ የታወቀውን ነገር መውደድ ነው። እዚህ «መውደድ» የሚለው ቃል ዋና ነው። ስለዚህ «ፌዝ»፣ «ሹፈት» እና «ላግጣ» አይበቁም፤ ሦስቱም ከሚነኩት ነገር በላይ ቆመው ይንቁታል። «ግነት»ም ብቻውን አይበቃም፤ ፉከራም ያጋንናል፤ ነገር ግን ከልቡ ነው። የቅኔውን «ሰምና ወርቅ» መዋስም ያጓጓ ይሆናል፤ በዋሸራ፣ በዲማና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች አገር ይህ ቢታሰብ አይገርምም። ይሁን እንጂ በቅኔ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይቀራል፤ በዚህ ዘርፍ ግን የሚወደደው ራሱ ሰሙ ነው፤ ከሥሩ የሚፈለግ ወርቅ የለም።

«ቧልት» የተሻለ ነው። ቧልተኛ የሚቀልደው በሚወደው ሰው ፊት፣ ሰሚውም ቀልድ መሆኑን እያወቀ ነው። ፍርሃትንና ቀልድን በአንድ ነገር ላይ ማሳደር ለአማርኛ አዲስ አይደለም። የሌሊቱ አስፈሪ ጅብ በምሳሌያዊ አነጋገር በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚል ባለጌ እንግዳ ነው፤ በአንድ አፍ ይፈራል፣ በዚያው አፍ ይሳቅበታል። ስለዚህ ለቅጽሉ «ቧልታዊ» የሚለውን፣ ለአጻጻፉም «በቧልት የተጻፈ የሸርካች ታሪክ» የሚለውን እናቀርባለን።

፭. ያመለጠችው ልጅ

ካሮል ክሎቨር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመችው ጥናት በመጨረሻ በሕይወት ለምትቀረው ሴት ስም አወጣች፤ ቃል በቃል «የመጨረሻዋ ልጃገረድ» ማለት ነው። በአማርኛ «ልጃገረድ» ድንግልናን በግልጽ ይናገራል። በዘርፉ ልጅቷ ከጓደኞቿ ይልቅ ጭምት መሆኗ የተለመደ ቢሆንም፣ ምንጩ ለአንባቢ የተወውን ነገር ተርጓሚው በስሙ ውስጥ ማወጅ የለበትም። «ተራፊዋ» ቢባል ከማዕድ «ትራፊ» ጋር ይቀራረባል፤ «ቀሪዋ» ቢባልም ከትምህርት ቤት የቀረች ትመስላለች። «ያመለጠችው» ግን የተሟላ ነው፤ ሩጫውንም፣ ብልሃቷንም፣ ከኋላዋ የቀሩትንም ያስታውሳል።

፮. የቀረቡ ቃላት

አስፈሪ ልብ ወለድ (ስም)። አንባቢን ለማስፈራት የተጻፈ ፈጠራ ሁሉ፤ የዘርፉ ጠቅላላ ስም። «ዘግናኝ» ደም ለሚታይበት ትዕይንት፣ «ሰቅጣጭ» ለጩኸትና ለድምፅ ይቀመጥ።

የሸርካች ታሪክ (ስም)። በስለት ተራ በተራ የሚገድል፣ ብዙውን ጊዜ ጭምብል የለበሰ ነፍሰ ገዳይ ያለበት አስፈሪ ልብ ወለድ ወይም ፊልም።

ሸርካች (ስም)። በዚህ ዘርፍ ያለው ነፍሰ ገዳይ። እውነተኛ ወንጀልን ለሚመለከት ጽሑፍ አይሁን፤ ለዚያ «ነፍሰ ገዳይ» አለ።

ቧልታዊ (ቅጽል)። መጋነኑን እያወቀና እየወደደ የሚያጋንን፤ በራሱ የሚቀልድ።

የመኖሪያ መንደር፣ ሰፈር (ስም)። የታሪኩ ቦታ የሰላምና የመተዋወቅ ቦታ ሲሆን።

ያመለጠችው (ስም)። በታሪኩ መጨረሻ በሕይወት የምትቀረው ሴት ባለታሪክ።

ልብ ሰቀላ (ስም)። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የተለመደው ቃል ይቀጥል፤ ከ«ልብ ወለድ» ጋር በአሠራሩ ይገጥማል።

እነዚህ አቻዎች የሚጸኑት በሥራ ሲፈተኑ ነው። ለፈተናው የሚበጀው መንገድ አንድ የተተረጎመ ምዕራፍ ምንጩን ለማያውቅ አንባቢ አንብቦ የት እንደ ሳቀ፣ የት እንደ ደነገጠ፣ በየትኛውም ቃል ላይ ፊቱ እንደ ከበደ መመዝገብ ነው። ሳቁና ድንጋጤው በምንጩ ካሉበት ቦታ ከወደቁ ቃሉ ይጸድቃል። ፊቱ የከበደው ግን የራሱን ሐዘን የሚጠራ ቃል ስላገኘ ከሆነ፣ ቃሉ ባለቤት አለውና ሌላ ይፈለግ። አንባብያን በየአካባቢያቸው የሚነገሩትን የ«ሸረከተ»፣ የ«ቧልት» እና የ«ቆጥ» ተለዋዋጭ አገባቦች ቢልኩልን ለሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ይረዳሉ።